ቤት ወይስ ት/ቤት? ከጎንደር ጎጆ እስከ እስራኤል ማሽካንታ

 

በየሠርጉና በየለቅሶ ቤቱ በእኔ ዕድሜ ያሉ ባልና ሚስቶች ሲገናኙ ጨዋታቸው አንድ ነገር ላይ ይወድቃል። ያለችንን ገንዘብ የት እናውላት? ጥሩ የመንግሥት ት/ቤት ያለበት ሰፈር ገብተን ውድ ቤት እንያዝ፣ ወይስ በርካሹ ሰፈር ተቀምጠን ልጁን እየከፈልን የግል ት/ቤት እናስተምረው? እኔም ልጄን አንደኛ ክፍል ላስገባ የምዘጋጅ አባት ስለሆንኩ ጥያቄው የእኔም ነው። ሁለቱንም የሚችል ሰው ይኖራል። ለብዙዎቻችን ግን ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።

ብዙ ሰው ይህንን የዛሬ ጭንቀት ብቻ ያደርገዋል። እኔ ግን ሳነብና አባቶችን ስጠይቅ፣ ቤትና ት/ቤት ለእኛ ሕዝብ ከመቶ ዓመት በላይ አብረው አልሄድ ያሉ ነገሮች ሆነው አገኘኋቸው። ስለዚህ ዛሬ ታሪኩን በቅደም ተከተል ላጫውታችሁ፤ መጨረሻ ላይ ሒሳቡንና ከታሪኩ የያዝኩትን ትምህርት አስቀምጣለሁ። የታሪክ ምሁር አይደለሁም። በ1999 በ11 ዓመቴ ከቋራ የመጣሁ፣ የሙያ ት/ቤት የተማርኩ፣ ወታደር ሆኜ ያገለገልኩ ሰው ነኝ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጎንደር፦ ቤቱ እዚህ፣ ት/ቤቱ እዚያ

የአያቶቻችንን ኑሮ ስንመለከት መጀመሪያ የምናገኘው የመሬትን ነገር ነው። ቤተ እስራኤል በአብዛኛው ርስት አልነበረውም። የሚያርሰው የሌላ ሰው መሬት ነው፤ ከምርቱም ለባለርስቱ ያካፍላል። የጎደለውን በእጅ ሙያ ይሞላል፤ ወንዱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሸማ ይሠራል፤ ሴቷ ሸክላ ትሠራለች። ጎጆው የራሱ ቢሆንም ጎጆው የቆመበት አፈር የራሱ አልነበረም። መሬት ላራሹ የተባለው አዋጅ የታወጀው በ1975 ነው። ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ብዙው ሰው በሱዳን በኩል ጉዞ ጀመረ። እንግዲህ አስቡት፤ ብዙዎቹ አባቶቻችን በወረቀት ተፈርሞ "የእኔ ነው" የሚሉትን ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኙት እዚህ እስራኤል ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ማሽካንታው ጋ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ት/ቤቱስ? በ1904 ዣክ ፋይትሎቪች የሚባል በፖላንድ የተወለደ አይሁዳዊ ምሁር ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ሲመለስም ታምራት አማኑኤልን ጨምሮ ሁለት ወጣቶችን ለትምህርት ወደ አውሮፓ ይዞ ሄደ። በ1920ዎቹ ደግሞ ለቤተ እስራኤል ልጆች አዲስ አበባ ላይ ት/ቤት ተከፈተ፤ ታምራት አማኑኤልም መራው። ልጆቹ ያሉት ጎንደር፣ ት/ቤቱ ያለው አዲስ አበባ። በዚያ ዘመን ይህ የብዙ ቀን የእግርና የበቅሎ መንገድ ነው። ልጁን ለትምህርት የሰጠ አባት ልጁን ከቤቱ አጣ ማለት ነው።

በ1955 እና በ1956 ደግሞ 27 ወጣቶች በሁለት ዙር ወደ እስራኤል፣ ራዕናና ወዳለው ክፋር ባትያ መጡ። የመጡት ለመቅረት አልነበረም፤ ተምረው ሲመለሱ በየመንደሩ አስተማሪ እንዲሆኑ ነበር። ከዚያም በ1970ዎቹ መጨረሻ ኦርት የተባለው የአይሁድ የሙያ ትምህርት ድርጅት በጎንደር መንደሮች ት/ቤቶችን አቋቋመ። ያ ጊዜ ት/ቤት ወደ ቤት የቀረበበት ጊዜ ነበር። ነገር ግን በ1981 ሥራው እንዲቆም ተደረገ። የአምቦበርን ት/ቤት የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም ስሙን ሲያነሡ ፊታቸው ይበራል። ልጅ ጠዋት ሄዶ ማታ እቤቱ የሚገባበት ት/ቤት ለእነሱ ትልቅ ነገር ነበር።

እስራኤል፦ አድራሻህ የት/ቤትህ ምዝገባ ነው

እኛ ከመምጣታችን በፊት የዚህ አገር ሕግ ተዘጋጅቶ ነበር። በ1949 የግዴታ ትምህርት ሕግ ወጣ። በ1953 የመንግሥት ትምህርት ሕግ ተከተለ፤ የመንግሥት ት/ቤቶችንም በሁለት ከፈለ፤ ማምላኽቲ የሚባለው አጠቃላዩና ማምላኽቲ ዳቲ የሚባለው ሃይማኖታዊው ናቸው። ከነዚህ ጎን "የታወቀ ግን ይፋ ያልሆነ" የሚባል ሦስተኛ ዓይነት አለ። ይህ በግል ማኅበር የሚመራ፣ ከመንግሥት ብዙ ገንዘብ የሚያገኝ፣ ከወላጅም የሚያስከፍል ነው። እኛ በአነጋገራችን "የግል ት/ቤት" የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ነው።

የመንግሥት ት/ቤት፣ በተለይ የአንደኛ ደረጃ፣ ምዝገባው በአድራሻ ነው። ኢሪያው (ማዘጋጃ ቤቱ) ከተማውን በምዝገባ ክልል ይከፋፍላል። ልጁ የት እንደሚማር የሚወስነው ቤቱ የሚገኝበት መንገድ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ዘመዶቻችን ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ፤ ቤት ስትፈልጉ አስቀድማችሁ የምትጠይቁት የት/ቤቱን ክልል ነው። አዲስ አበባ ያላችሁት ደግሞ የምታውቁት የግል ት/ቤት ወርኃዊ ክፍያን ነው። እስራኤል ውስጥ ሁለቱም አሉ።

ይህ አሠራር መጀመሪያ የነካው እኛን አይደለም። በ1950ዎቹ ከሰሜን አፍሪካና ከየመን የመጡት ብዙዎቹ በማዕባራ (በጊዜያዊ ሰፈር) ከቆዩ በኋላ እንደ ኪርያት ማልአኺ፣ ኔቲቮትና ኦፋኪም ባሉ ከተሞች ሰፈሩ። ቤቱን የመደበላቸው መንግሥት ነው፤ ቤቱ ደግሞ ት/ቤቱን መደበላቸው። በ1968 መንግሥት ለውጥ አደረገ፤ ሀቲቫት ቤናይም የሚባለውን መካከለኛ ደረጃ አቋቁሞ የተለያየ ሰፈር ልጆችን አንድ ላይ ለማስተማር ሞከረ። በ1978 የሁለተኛ ደረጃ ክፍያም ቀረ።

በወረቀት ሲታይ ከዚያ ወዲህ ጥሩ የመንግሥት ት/ቤት ለመግባት ገንዘብ አያስፈልግም። በተግባር ግን ክፍያው ከት/ቤቱ በር ተነሥቶ ወደ ደላላው ቢሮ ሄደ። ጥሩ ት/ቤት አጠገብ ያለ ቤት ይወደዳል። ያንን ብልጫ የሚከፍል ሰው የት/ቤት ክፍያ እየከፈለ ነው፤ የተለወጠው ስሙ ብቻ ነው።

ከዘመቻ ሙሴ እስከ ካራቫን

በዘመቻ ሙሴ፣ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ድረስ፣ ወደ 8,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን ከሱዳን መጡ። በመንገድና በሱዳን ሰፈሮች ብዙ ዘመድ ቀብረው የመጡ ናቸው። እዚህ ሲደርሱ ልጆቹ ወደ ሃይማኖታዊው የመንግሥት ት/ቤት እንዲመሩ ተወሰነ። ምክንያቱም ሕዝቡ ሃይማኖተኛ ነው፣ ሰንበትን አክባሪ ነው የሚል ነበር። ይህ እውነት ነው፤ ብዙ ወላጆችም የፈለጉት ይህንኑ ነው። ነገር ግን አንድ ያልታሰበ ውጤት ነበረው። በአንድ ከተማ ውስጥ ካሉት ት/ቤቶች ሃይማኖታዊዎቹ ጥቂቶቹ ናቸው። በአንድ ሰፈር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ልጆቻችን ገና ከመጀመሪያው በጠባብ በር እንዲገቡ ሆነ።

ግንቦት 24 እና 25፣ 1991 ዘመቻ ሰሎሞን ሆነ፤ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ገባ። በዚያው ጊዜ ከቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው እየገባ ስለነበር ቤት ጠፋ። የእኛ ሰዎች መጀመሪያ በሆቴሎችና በክሊታ ማዕከላት፣ ቀጥሎ በካራቫን ሰፈሮች ተቀመጡ። ሁልዳ፣ ሐጽሮት ያሳፍ፣ ጊቭአት ሃማቶስ የሚሉትን ስሞች ያኔ የነበረ ሁሉ ያውቃቸዋል። ካራቫኑ ቤት አይባልም፤ በበጋ ይጋገራል፣ በክረምት ይበርዳል። ከሁሉም በላይ ብዙዎቹ ሰፈሮች ከከተማ የራቁ ስለነበሩ ልጁ የሚውለው ከራሱ ሰዎች ጋር ብቻ ነበር።

1993፦ ማሽካንታው

ከካራቫን ለማውጣት በ1993፣ ያኢር ጻባን የክሊታ ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ፣ ለኢትዮጵያ ዓሊሞች ልዩ ማሽካንታ (የቤት መግዣ ብድር) ተዘጋጀ። ከገንዘቡ አብዛኛው የማይመለስ ስጦታ ነበር። የሚገዛበትም የከተሞች ዝርዝር ነበረው። ሐሳቡ ሕዝቡ በአገሩ መካከል ተበትኖ፣ ሥራና ጥሩ ት/ቤት ባለበት እንዲኖር ነበር። ሐሳቡ መልካም እንደነበር መካድ አይገባም። ሌላ ስደተኛ ሕዝብ ብዙ ዓመት የሚለፋበትን የራስ ቤት እኛ በጥቂት ዓመት አገኘን።

ታዲያ የት ገዛን? ሬሖቮት ከሆነ ኪርያት ሞሼ፣ ሪሾን ከሆነ ራማት ኤልያሁ፣ ጌዴራ ከሆነ ሻፒራ፤ እንዲሁም በኔታንያ፣ በሐዴራ፣ በአፉላና በኪርያት ማልአኺ አሮጌ ሕንፃዎች ውስጥ። ከተማው በዝርዝሩ ያለ ነው፤ በከተማው ውስጥ ግን ገንዘቡ የደረሰው እስከ ርካሹ ሰፈር ብቻ ነው።

ይህን ሲያነሡ "አባቶቻችን አላወቁም" የሚሉ ወጣቶች አሉ። በዚህ አልስማማም። አባቶች በሚያውቁት መስፈርት በትክክል መርጠዋል። ወንድም አጠገብ ይሁን፤ በሰንበት በእግር ጸሎት ቤት የሚያደርስ ይሁን፤ ለቅሶ ሲመጣ ሰው የሚሰበሰብበት ይሁን፤ የመጣን ደብዳቤ የሚያነብ ጎረቤት ይኑር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ እነሱ ዘመዱን ራሱን ጎረቤት አደረጉት። መሬት ያልነበረው ሰው ደግሞ የራሱን በር ሲያገኝ የት/ቤት ክልል አይታየውም። ብዙ አባቶችን ጠይቄአለሁ፤ ፊርማው በተፈረመበት ጠረጴዛ ላይ "ይህ አድራሻ ልጅህን ወደዚህ ት/ቤት ይልከዋል" ብሎ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ቤት የገዙ መሰላቸው፤ ቤትና ት/ቤት በአንድ ፊርማ ነው የገዙት።

ቀጥሎ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። በሰፈሩ ሃይማኖታዊ ት/ቤት የልጆቻችን ቁጥር ከዓመት ዓመት ጨመረ። የቆዩት ነዋሪዎች የቻሉት ሰፈር ለቀቁ፣ ያልቻሉት ልጃቸውን ወደ ሌላ ት/ቤት አዛወሩ። ት/ቤቱ ስሙ ሲጠፋ የቤቱ ዋጋ ከሌላው ሰፈር ወደ ኋላ ቀረ። የቤቱ ዋጋ ሲቀር ሸጦ መውጣት ከበደ። ስለዚህ ልጁ እዚያው ይማራል። ክቡ እንዲህ ይዞራል።

ከ2008 በኋላ በዐሥር ዓመት ገደማ ውስጥ የአገሩ የቤት ዋጋ በእጥፍ ያህል ሲያድግ የእኛም ቤት ዋጋ አደገ። ብዙዎች "ሀብታም ሆንን" አሉ። ነገር ግን በምሳሌ እንየው። የእኔ ቤት 500 ሺህ ሼቄል፣ ጥሩ ት/ቤት ያለበት ሰፈር ያለው ቤት 800 ሺህ ነበር እንበል፤ ልዩነቱ 300 ሺህ ነው። ሁለቱም በእጥፍ ሲያድጉ የእኔ አንድ ሚሊዮን፣ የዚያኛው አንድ ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ ይሆናል፤ ልዩነቱ 600 ሺህ ሆነ ማለት ነው። ዋጋው እየጨመረ መንገዱ ግን ረዘመ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ገንዘቡ ላለውም ቢሆን ሁልጊዜ በሩ ክፍት አልነበረም። በጥር 2012 በኪርያት ማልአኺ በአንዳንድ ሕንፃዎች ያሉ ባለቤቶች ለኢትዮጵያውያን ላለመሸጥና ላለማከራየት መስማማታቸው በቴሌቪዥን ሲነገር፣ ሰልፉ ከዚያ ተነሥቶ እስከ ኢየሩሳሌም ደረሰ።

የግሉ ት/ቤት በር፦ ፔታሕ ቲክቫ

"እንግዲያው ሰፈሩን ትቶ ለግል ት/ቤት መክፈል ነው" የሚል ካለ፣ የፔታሕ ቲክቫን ታሪክ ሳያውቅ አይወስን። ፔታሕ ቲክቫ የአገሩ መካከል ናት፤ ሥራ አለ፣ መንገድ አለ። ወደዚያ የገቡት ቤተሰቦች "ወደ መካከል ግቡ" የተባለውን ምክር የሰሙ ናቸው።

በ2007 መጨረሻ በአንድ ሃይማኖታዊ ት/ቤት አራት የኢትዮጵያ ልጃገረዶች ከሌላው ልጅ ተለይተው በራሳቸው ክፍል እንደሚማሩ ተሰማ፤ አገሩም ተንጫጫ። በመስከረም 2009 ደግሞ የትምህርት ዘመኑ ሲከፈት ሦስት የግል ሃይማኖታዊ ት/ቤቶች ወደ 100 የሚሆኑ የእኛን ልጆች አንቀበልም አሉ። እነዚህ ት/ቤቶች ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ነበሩ። የትምህርት ሚኒስቴር ገንዘቡን እንደሚያቆም ከዛተ በኋላ ስምምነት ተደርጎ ልጆቹ ተመደቡ።

በዚያው ከተማ ኔር ዔጽዮን የሚባል ሃይማኖታዊ የመንግሥት ት/ቤት ነበር፤ ተማሪዎቹ ሁሉም ማለት ይቻላል የእኛ ልጆች ሆኑ። በ2011 ወላጆች ሰልፍ ወጡ። የጠየቁት ሌላ ልጅ የሚማርበት ት/ቤት እንዲማሩ ነበር። በኋላም ያ ት/ቤት ተዘግቶ ልጆቹ ወደ ሌሎች ት/ቤቶች ተከፋፈሉ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማር። አንደኛ፣ የግል ት/ቤት ገንዘብ ብቻ አይጠይቅም፤ ቃለ መጠይቅ አለው፣ "ይህ ቤተሰብ ከእኛ አኗኗር ጋር ይስማማል ወይ" የሚል ጥያቄ አለው። ከፋዩ ለመክፈል ቢዘጋጅም በሩን የሚከፍተው ሌላ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ጥሩ ከተማ ውስጥ መኖር ብቻውን አይበቃም። የሰፈሩ ሰዎች ልጆቻቸውን ወደ ግል ት/ቤት ካሸሹ የመንግሥቱ ት/ቤት ለአዲስ መጪው ብቻ ይቀራል፤ አድራሻህ ጥሩ ሆኖ ት/ቤቱ ባዶ ይሆንብሃል። ስለዚህ ቤት ከማየትህ በፊት የምትጠይቀው "ሰፈሩ እንዴት ነው?" ብቻ አይደለም። "የዚህ ሰፈር ሰዎች ልጆች ጠዋት የሚገቡት ወዴት ነው?" ብለህ ጠይቅ።

ፕኒሚያ፦ ሁለቱንም ያላስከፈለው መንገድ

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ከእኛ ወጣቶች አብዛኛው ወደ ፕኒሚያ (አዳሪ ት/ቤት) ተልኳል። ይህን ሥራ የመራው በ1933 የተቋቋመው የወጣቶች ዓሊያ ነው። ወላጁ የቤትም የት/ቤትም ብልጫ አልከፈለም፤ ምግቡም ትምህርቱም ተሸፈነለት። ከዚያ የወጡ መኮንኖች፣ ነርሶች፣ ጠበቆች፣ መሐንዲሶች አሉን፤ ውለታውን አንክድም።

ዋጋው ግን በሌላ ተከፈለ። ልጁ በወር አንዴ ወይም በበዓል ሲመጣ ዕብራይስጡ በርትቶ አማርኛው ደክሞ ይመጣል። አባት መምከር ይፈልጋል፣ ልጅ ቃሉን አይሰማውም። የታምራት አማኑኤልን ዘመን አስታውሱ፤ ያኔም ትምህርት የመጣው ልጅን ከቤት በመውሰድ ነው። ከዚህም ሌላ በእነዚያ ዓመታት ብዙ ልጆቻችን ሙሉ ባግሩት (የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና) ወደማያስገኝ የሙያ ክፍል ተመርተዋል። የሙያ ት/ቤት ስለተማርኩ ሙያን አልንቅም፤ እንጀራዬ ነው። አያቶቻችንም ብረት ቀጥቅጠው ነው ያሳደጉን። ነገር ግን ሙያን መርጦ መማር ሌላ ነው፣ ሌላ በር ስለተዘጋ መማር ሌላ ነው።

በቴል አቪቭ ደግሞ በ1994 ሌላ ሙከራ ተጀመረ። በከተማው ደቡብ ያሉ ልጆች በአድራሻቸው ብቻ ሳይሆን ወላጅ ከጥቂት ት/ቤቶች መካከል እየመረጠ እንዲመዘገቡ ተፈቀደ። ቪክቶር ላቪ የተባሉት የምጣኔ ሀብት ምሁር አጥንተውት፣ ትምህርት የሚያቋርጡ ልጆች እንደቀነሱና የባግሩት ውጤት እንደተሻሻለ ጽፈዋል። ከዚያ በኋላ ሌሎች ከተሞችም የወላጅ ምርጫን ፈቅደዋል። ስለዚህ የእናንተ ኢሪያ ምርጫ ይፈቅድ እንደሆነ ሳትጠይቁ ቤት አትሽጡ።

ሒሳቡን እናስላ

አሁን ወደ ኪሳችን እንመለስ። ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል የወሰድኳቸው ናቸው፤ የአንድ ከተማ ዋጋ አይደሉም። የራሳችሁን ቁጥር በቦታው አስገቡ።

የግል ት/ቤት በወር 1,000 ሼቄል ለ10 ወር ቢሆን፣ ለአንድ ልጅ በዓመት 10,000 ነው። ለሦስት ልጆች 30,000። በ12 ዓመት ለሦስቱ 360,000 ይሆናል። ይህ ገንዘብ ተመልሶ አይመጣም።

ውድ ሰፈር ለመግዛት ተጨማሪ 400,000 ሼቄል በማሽካንታ ብትወስዱ፣ በ4 በመቶ ወለድ ለ25 ዓመት፣ በወር ወደ 2,110 ሼቄል ነው። በጠቅላላ ወደ 633,000 ትከፍላላችሁ፤ ከዚያ ውስጥ ወደ 233,000 የሚሆነው ወለድ ነው። ወለዱ ይሄዳል፣ ቤቱ ግን ይቀራል። ለልጆች የሚወረስ ነው።

ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ከእኛ ሰው ብዙ ሲወራ አልሰማም። ለምዝገባ የሚጠየቀው የመኖሪያ አድራሻ እንጂ የቤት ባለቤትነት አይደለም። ተከራይም የኪራይ ውሉንና የአርኖና (የማዘጋጃ ቤት ግብር) ወረቀቱን ይዞ ልጁን በክልሉ ት/ቤት ያስመዘግባል። ስለዚህ አሮጌው ሰፈር ያለውን ቤት አከራይቶ፣ ጥሩ ት/ቤት ባለበት ተከራይቶ መኖር ይቻላል። የኪራዩ ልዩነት በወር 1,500 ሼቄል ቢሆን በዓመት 18,000 ነው።

አሁን አወዳድሩ። የግል ት/ቤት ክፍያ በልጅ ቁጥር ይባዛል፤ የአድራሻ ብልጫ ግን አንድ ልጅ ቢኖርም አራት ቢኖርም ያው ነው። በእኔ ምሳሌ ለአንድ ልጅ 10,000 ከ18,000 ያንሳል፤ ክፍያው ይሻላል። ለሁለት ልጆች 20,000 ይሆናል፤ አድራሻው መርከስ ይጀምራል። ለሦስትና ለአራት ልጆች ጥርጥር የለውም። የእኛ ቤተሰብ ደግሞ ልጅ ይወዳል።

ሌላም ነገር ዕወቁ። በመንግሥት ት/ቤት ከሚጠየቀው የወላጅ ክፍያ ውስጥ ግዴታው የአደጋ መድን ብቻ ነው፤ ሌላው በፈቃድ ነው። አልከፈልክም ተብሎ ልጅ ከትምህርት አይባረርም። በ2000 የወጣው የተማሪ መብት ሕግ ደግሞ ልጅን በዘሩ ምክንያት አልመዘግብም ማለትን ይከለክላል።

ታሪኩ የሚለኝ

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ሁለት መንገድ ከኖረኝ፣ ገንዘቤን አድራሻ ላይ አውላለሁ፤ መግዛት ካልቻልኩ እከራያለሁ። ሒሳቡ አንዱ ምክንያት ነው፤ ዋናው ምክንያቴ ግን ታሪኩ ነው። በምዝገባ ክልሌ ባለው የመንግሥት ት/ቤት የልጄ ቦታ በሕግ የተሰጠ መብት ነው፤ በግሉ በር ግን የምቆመው እንደ ለማኝ ነው፣ ገንዘብ ይዤም ቢሆን። አያቶቻችን በሰው መሬት ላይ በፈቃድ ኖረዋል። ልጆቻችን በመብት ይማሩ እላለሁ።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ሰው ሰፈሩን ጥሎ ይውጣ ማለት አይደለም። እናትና አባት አርጅተው አጠገባቸው ሰው የሚፈልጉበት ቤተሰብ አለ። በሰንበት በእግር ጸሎት ቤት መድረስ ያለበት አለ። በሰፈሩ የሚቀር ሰው ግን ብቻውን አይቅር። የኔር ዔጽዮን ወላጆች ተሰባስበው ባይነሡ ኖሮ ያ ት/ቤት እንዳለ ይቀጥል ነበር። በወላጆች ኮሚቴ ግቡ፤ የኢሪያ ስብሰባ ላይ ተገኙ፤ ዕብራይስጥ የሚችል ለማይችለው ይተርጉም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ!

ለምትወስኑ ሁሉ የመጨረሻ ምክሬ፦ ምዝገባው አብዛኛውን ጊዜ በጃንዋሪና በፌብሯሪ ግድም ስለሆነ ቤት መፈለግ ከዚያ በፊት ይጀመር። ደላላውን አትመኑ፤ ክልሉን ከኢሪያው የትምህርት ክፍል በወረቀት ጠይቁ። ጠዋት 8 ሰዓት ሳይሞላ ት/ቤቱ በር ላይ ቁሙና የሚገቡትን ልጆች በዓይናችሁ እዩ። አንድ ጠዋት እዚያ መቆም ብዙ ይነግራችኋል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? አሜሪካና አዲስ አበባ ያላችሁ ዘመዶቼ፣ እናንተ ጋ እንዴት እንደምታደርጉት ጻፉልኝ። የእስራኤል አምላክ ለልጆቻችን ማስተዋልን ይስጥልን። ቸር ይግጠመን።